የማይዋሽ ሚዛን፤ ስለ ራኬት ጅማት መወጠሪያ አሮጌ የእጅ መኪና

የቴኒስ ጨዋታ በተነሣ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያስበው ተጫዋቹን ነው። የሚደነቀውም የክንዱ ብርታት፣ የእግሩ ፍጥነትና የዐይኑ ንቃት ነው። ነገር ግን ኳሷ የምትነካው ክንዱን ወይም እንጨቱን ሳይሆን በራኬቱ ክፈፍ ውስጥ የተወጠረውን ጅማት ነው። ይህም ንክኪ ከአንድ ሰኮንድ መቶኛ እጅ እንኳ ያነሰ ጊዜ ይቆያል። በዚህች ዐጭር ጊዜ ውስጥ ኳሷ ከመስመሩ ወዲህ ወይም ከመስመሩ ወዲያ እንድታርፍ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ጅማቱ ምን ያህል ተወጥሮ እንደ ነበረ ነው። ስለዚህ ከተጫዋቹ በስተኋላ ስሙ በጋዜጣ የማይወጣ፣ ጭብጨባም የማይደርሰው አንድ ሠራተኛ አለ፤ እርሱም ጅማት ወጣሪው ነው።

የዚህ ሠራተኛ ዋና መሣሪያ የመወጠሪያው መኪና ነው። ዛሬ በታላላቅ ውድድሮች ስፍራ የሚታየው መኪና በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ የተፈለገውን ቍጥር ሲሰጡት ጅማቱን በራሱ የሚስብ ነው። ነገር ግን ከእርሱ በፊት የነበረው፣ አንድ ዘንግና አንድ የብረት ክብደት ያለው፣ መብራት የማያሻው የእጅ መኪና ከዓለም አልጠፋም፤ በትንንሽ ሱቆችና በተጫዋቾች ቤት አሁንም ይሠራበታል። ይህም የሆነው በዋጋው ማነስ ብቻ አይደለም። ይህ መኪና በእውነቱ ሚዛን ነው። ሚዛንም ዕድሜው ስለ ገፋ አይዋሽም፤ የሚዋሸው የያዘው እጅ ሲያብል ነው። ነጋዴም ሆነ አስተዳዳሪ ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቀዋልና የዚህን መኪና አሠራር መመልከት ከጨዋታው ያለፈ ጥቅም አለው።

የጅማቱ ታሪክ

ዛሬ የሚታወቀው የሣር ሜዳ ቴኒስ በሕግና በመሣሪያ የተደራጀው በእንግሊዝ አገር ነው። ሻለቃ ዋልተር ክሎፕተን ዊንግፊልድ የሚባለው መኰንን ስለዚሁ ጨዋታ የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1874 ነበር፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። የመጀመሪያው የዊምብልደን ውድድር የተደረገው በ1877 ነው። በሁለቱ መካከል በ1875 በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ፣ ለሙዚቃ መሣሪያ የሚሆን ጅማት ከእንስሳ አንጀት ይሠራ የነበረው ፒየር ባቦላ ለቴኒስ ራኬት የሚሆን ጅማት መሥራት ጀመረ። በስሙ የሚጠራው የንግድ ቤትም እስከ ዛሬ በዚሁ ሥራ ላይ ይገኛል።

የራኬት ጅማት ከሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ ቤት መውጣቱ ለኢትዮጵያ ሰው አያስገርምም። የበገና ዐሥር አውታሮች ከበግ አንጀት ተፍቀውና ተፈትለው እንደሚዘጋጁ የታወቀ ነው። በገና ደርዳሪና ቴኒስ ተጫዋች በሥራቸው ባይገናኙም ከጅማታቸው የሚሹት ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ሲወጠር እንዳይበጠስ፣ ሲነካ እንዲለጠጥ፣ ሲለቀቅም ወደ ስፍራው እንዲመለስ ነው። የራኬቱ ጅማት በመጀመሪያ ከበግ፣ በኋላም ከከብት ትንሹ አንጀት የውጭ ሽፋን ይሠራ ጀመር። ሽፋኑ ታጥቦና ጸድቶ በቀጭን በቀጭኑ ከተተለተለ በኋላ ብዙው በአንድነት ተገምዶ ይደርቃል፤ ከዚያም ይለሰልሳል። በመለጠጥ ችሎታውና ለክንድ በሚሰጠው ምቾት የሚተካከለው ጅማት እስከ ዛሬ አልተገኘም ብለው የሚመሰክሩለት ብዙዎች ናቸው።

የሆነ ሆኖ የአንጀት ጅማት ሁለት ጕድለት አለበት። አንደኛው ውድነቱ ነው። ሁለተኛውም እርጥበትን መፍራቱ ነው፤ ዝናብ ወይም ወበቅ ሲነካው ያብጣል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ኋላም ይበጠሳል። እንደ ምጽዋ ባለ የባሕር ዳር ከተማ የአንጀት ጅማት ያለውን ራኬት ያለ መሸፈኛ ማኖር ገንዘብን ሜዳ ላይ እንደ መተው ይቈጠራል። ከዚህም የተነሣ በ1938 በአሜሪካ አገር የዱፖን ኩባንያ ናይሎን የተባለውን ሰው ሠራሽ ክር ለዓለም ካስታወቀ በኋላ፣ ይኸው ክር ቀስ በቀስ የብዙኀኑ ተጫዋች ጅማት ለመሆን በቃ። ይልቁንም በ1997 የብራዚሉ ጉስታቮ ኪርተን በፖሊስተር ክር ተጫውቶ የፈረንሳይን ታላቅ ውድድር ካሸነፈ ወዲህ፣ ይህ ጠንካራ ክር በባለሙያ ተጫዋቾች ዘንድ ተስፋፋ። ጅማቱ ግን ከአንጀትም ይሁን ከናይሎን ወይም ከፖሊስተር፣ በትክክል ካልተወጠረ ምንም አይፈይድም።

መኪናው ሳይኖር በፊት

በቀድሞ ጊዜ ራኬት ይወጠር የነበረው በእጅ ብቻ ነው። ሠራተኛው ጅማቱን በዐጭር የእንጨት እጀታ ላይ ጠምጥሞ በሰውነቱ ኃይል ይስባል፤ የተሳበውም ወደ ኋላ እንዳይመለስ በክፈፉ ቀዳዳ ውስጥ ወስፌ ሰክቶ ይይዘዋል። ልክነቱን የሚያረጋግጠው ጅማቱን በጣቱ መትቶ ድምፁን በማዳመጥ ነበር። በገና የሚቃኝ ሰው አውታሩን እያጠበቀ ጆሮውን እንደሚጥል ሁሉ፣ እርሱም አንዱን ጅማት ከጎረቤቱ ጋር በድምፅ ያስተያይ ነበር።

ይህ ጥበብ የሚናቅ አልነበረም። ነገር ግን ጠዋት ትኩስ ጕልበት ያለው ሰው የሚስበውና ማታ ከደከመ በኋላ የሚስበው እኩል አይሆንም። የአንዱ ሠራተኛ «ጠንካራ» የሚለው ለሌላው «መካከለኛ» ይሆናል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጆሮ በደብዳቤ አይላክም፤ በአንድ ከተማ ያለ ተጫዋች በሌላ ከተማ ላለ ወጣሪ «ባለፈው እንደ ወደድሁት አድርግልኝ» ብሎ ለመጻፍ የሚያስችል የጋራ ቍጥር አልነበረውም። ንግድ ደግሞ ያለ ጋራ መስፈሪያ አይሰፋም። የመወጠሪያው መኪና ያመጣው ዋና ነገር ፍጥነት ሳይሆን ይህ ቍጥር ነው፤ ከእርሱም ጋር ወጣሪው የሚጠየቅበትን ኀላፊነት አመጣ።

የዘንጉና የክብደቱ ምሥጢር

የእጅ መኪናው አካላት ጥቂቶች ናቸው። በመካከል ራኬቱ ተኝቶ የሚታሰርበት ዙሪያውን የሚዞር መድረክ አለ። ከመድረኩ በላይ የተሳበውን ጅማት ይዘው የሚቈዩ፣ የትንንሽ ሞርሳ ዐይነት ሁለት መቈንጠጫዎች አሉ። በጎን በኩል ጅማቱን የሚነክስ መንጋጋ ያለበት ትንሽ መንኰራኵር ሲኖር፣ ከመንኰራኵሩ ላይ ረጅም የብረት ዘንግ ይወጣል፤ በዘንጉም ላይ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት የብረት ክብደት አለ። መኪናው ይኸው ነው፤ ሞተር የለውም፤ በአንዳንዱም ላይ ሞላ እንኳ አይገኝም።

ይህን የሚያይ ነጋዴ ወዲያው ያስታውሰዋል። አንዱ ክንዱ ዐጭር፣ ሁለተኛው ረጅም የሆነ፣ በረጅሙ ክንድ ላይ ክብደት እየተንሸራተተ ከባድ ሸክም የሚመዝነው፣ ጣሊያኖች ስታዴራ የሚሉት ሚዛን በዚሁ ሕግ የሚሠራ ነው። ልዩነቱ በሚዛኑ ጫፍ የሚንጠለጠለው የእህል ጆንያ ሲሆን፣ በመኪናው ላይ በጆንያው ፈንታ ጅማቱ መኖሩ ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ የመንኰራኵሩ መካከል ጅማቱ ከሚሳብበት መስመር የሚርቀው 2.5 ሳንቲሜትር፣ የተንሸራታቹም ብረት ክብደት 2.5 ኪሎ ይሁን። ብረቱ ከመንኰራኵሩ መካከል 25 ሳንቲሜትር ርቆ ቢቀመጥ፣ የርቀቱ ብልጫ ዐሥር እጥፍ ስለ ሆነ ጅማቱ የሚሳበው በ25 ኪሎ ኃይል ነው፤ ይህም 55 ፓውንድ ያህል ማለት ነው። ብረቱን በ1 ሳንቲሜትር ወደ ውጭ ቢገፉት 1 ኪሎ ይጨምራል፤ በ1 ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ ቢመልሱት 1 ኪሎ ይቀንሳል። የዘንጉም የራሱ ክብደት ከሒሳቡ ስለሚገባ መኪናውን የሠሩት ሰዎች ይህን ሁሉ አስቀድመው አስበው ቍጥሮቹን በዘንጉ ላይ ቀርጸዋቸዋል።

ነገር ግን ቍጥሩ እውነት የሚሆነው ዘንጉ እንደ ረጋ ውሃ አግድም ሲተኛ ነው። ዘንጉ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቢያዘነብል የክብደቱ ጕልበት ይቀንሳል። ይሁን እንጂ የቅናሹ መጠን ብዙ ጀማሪዎች የሚፈሩትን ያህል አይደለም። ዘንጉ በ5 ዲግሪ ቢያዘነብል 25 ኪሎ የነበረው 24.9 ይሆናል፤ በ10 ዲግሪ ቢያዘነብል 24.6 ይሆናል። በ20 ዲግሪ ግን ወደ 23.5 ይወርዳል፤ ይህን ያህሉን ተጫዋቹ ሊሰማው ይችላል። እንግዲህ ወጣሪው ለጥቂት ዲግሪ መጨነቅ አያሻውም፤ ሲያዘነብል እያየ ማለፍ ግን አይገባውም። ዘንጉ ከልክ በላይ ከወረደ መልሶ ማንሣት፣ ጅማቱን ጥቂት ማጥበቅና እንደ ገና መልቀቅ ነው። ይህ የጊዜ ኪሣራ ነው፤ የእውነት ዋጋ ግን ይኸው ነው።

የመዘውሩ መኪና

ከዘንግና ከክብደቱ መኪና ሌላ፣ በመዘውር የሚሠራ ሁለተኛ የእጅ መኪና አለ። በዚህኛው ወጣሪው መዘውሩን ሲያዞር መንጋጋው ጅማቱን ይዞ በሐዲድ ላይ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በውስጡ ያለው ሞላ ከተወሰነው ኃይል ላይ ሲደርስ ፍሬኑ ቀጭ ብሎ ይቈልፋል። ይህ መኪና ፈጣን ስለ ሆነ ለብዙ ዘመን የሱቆች ተወዳጅ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን በብዙ ስፍራ ይሠራበታል።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን መታወቅ አለበት። ጅማት በተሳበ ጊዜ በአንድ አፍታ መለጠጡን አይጨርስም፤ ከተሳበ በኋላም ቀስ እያለ ይረዝማል። የመዘውሩ መኪና ከቈለፈ በኋላ አይከተለውም፤ ስለዚህ ጅማቱ ሲላላ ውጥረቱም ይወርዳል። ዘንግና ክብደቱ ግን ጅማቱ በረዘመ ቍጥር ጥቂት እየወረደ ይከተለዋል፤ ኃይሉም አይጎድልበትም። ከዚህም የተነሣ በሁለቱ መኪናዎች ላይ የተጻፈው ቍጥር አንድ ሆኖ ሳለ የሚወጣው ራኬት አንድ ላይሆን ይችላል፤ በመዘውሩ የተወጠረው ጥቂት ላላ ብሎ ይገኛል። የኤሌክትሪኩ መኪና ያለ ማቋረጥ የሚስበው የአሮጌውን ዘንግ ሥራ በሞተር በመድገም ነው። አሮጌው በአዲሱ ተሸነፈ ቢባልም፣ አዲሱ የተማረው ከአሮጌው ነው።

ድርና ማግ

የመወጠሩ ሥራ ሸማኔ የሚያውቀው ሥራ ነው። በራኬቱ ቁመት የሚሄዱት ጅማቶች ድር፣ በአግድም የሚሄዱት ደግሞ ማግ ናቸው። በድሮ የእንጨት ራኬት ብዙውን ጊዜ 18 ድርና 20 ማግ ይገኛል፤ ለዚህም ከ10 እስከ 12 ሜትር የሚደርስ ጅማት ይፈልጋል።

ወጣሪው በመጀመሪያ አሮጌውን ጅማት ያወጣል። ሲቈርጠውም ከመካከል ጀምሮ በአራቱም አቅጣጫ በእኩል ይቈርጣል እንጂ ከአንድ ወገን አይጀምርም፤ ውጥረቱ በአንድ በኩል ብቻ ቢቀር ክፈፉን ያጣምመዋልና። ከዚያም እንጨቱን በብርሃን ይመረምራል፤ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ፣ ሙጫው የለቀቀ እንደ ሆነ፣ የቀዳዳው ጠርዝ ጅማት የሚቈርጥ እንደ ሆነ ያያል። ቀጥሎ ራኬቱን በመድረኩ ላይ በራሱና በአንገቱ በኩል አጽንቶ ያስራል። ድሩን ከመካከል ጀምሮ አንድ ጊዜ በቀኝ፣ አንድ ጊዜ በግራ ይስባል፤ አንዱን ወገን ጨርሶ ወደ ሁለተኛው መሄድ ለክፈፉ አደጋ ነው።

የአደጋውን መጠን ለመረዳት ትንሽ ሒሳብ ይበቃል። እያንዳንዱ ድር በ25 ኪሎ ኃይል ቢሳብ 18ቱ ድር ባንድነት የክፈፉን ራስ ወደ እጀታው የሚጫኑት በ450 ኪሎ ኃይል ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአበው ምሳሌ እዚህ ላይ በኪሎ ተመዝኖ ይታያል። ማጉ እስኪገባ ድረስ ይህን ጭነት የሚያግዝ ኃይል ስለሌለ ክፈፉ በቁመቱ ለማጠር፣ በጎኑም ለመስፋት ይታገላል። ማጉ ሲሳብ ጎኖቹን ወደ ውስጥ መልሶ ቅርጹን ያስተካክለዋል። ስለዚህ ድሩ አልቆ ማጉ ሳይጀመር ራኬቱን በመኪናው ላይ ትቶ ወደ ቤት መሄድ፣ ይልቁንም አሮጌ የእንጨት ራኬት ሲሆን፣ ትልቅ ስሕተት ነው።

ማጉ አንዱን ድር በላይ፣ ሁለተኛውን በታች እያለ ይገባል፤ የሚቀጥለውም ማግ የቀደመውን ተቃራኒ ይይዛል። ይህ አጠላለፍ የሸማኔ ልማድ ብቻ ሳይሆን የሕግ ትእዛዝም ነው። በ1977 ድሩ በሁለት ረድፍ ተለያይቶ ከማጉ ጋር ሳይጠላለፍ የሚወጠር፣ «ስፓጌቲ» የተባለ ራኬት ተነሥቶ ነበር። ይህ ራኬት ኳሷን ያለ ልክ ስለሚያሾራት ብዙ ተጫዋቾችን አስደነገጠ። በዚያው ዓመት በፈረንሳይ አገር በኤክስ አን ፕሮቫንስ ከተማ የሮማንያው ኢሊ ናስታሴ በዚሁ ራኬት ሲጫወት፣ በጭቃ ሜዳ ለረጅም ጊዜ ሳይሸነፍ የቈየው የአርጀንቲናው ጊየርሞ ቪላስ ጨዋታውን አቋርጦ ወጣ። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ማኅበር ያንኑ የጅማት አሠራር ከለከለ፤ በ1978ም ራኬት ምን እንደ ሆነ የሚወስን ደንብ አወጣ። ከመቶ ዓመት በላይ የኖረው ጨዋታ መሣሪያውን በሕግ ሳይተረጕም መቈየቱ የታወቀው በጅማት ምክንያት ነው።

በማጉ ላይ ትዕግሥት ያሻል። የአንጀት ጅማት በፍጥነት ቢጎተት ከድሩ ጋር ሲፋተግ ይቃጠላል፤ ስለዚህ ቀስ ብሎ፣ እንደ ማዕበል እያወዛወዙ ማሳለፍ ይገባል። ብልኅ ወጣሪ አንዱን ማግ ከመሳቡ በፊት የሚቀጥለውን ያስገባል፤ የቀደመው ማግ ገና ሳይጠብቅ ማስገባት ስለሚቀል ነው። በመጨረሻም ሲቋጥር የቋጠሮው ጅማት ጥቂት ስለሚላላ የመጨረሻውን ስበት በትንሽ ከፍ ያደርገዋል። ቀዳዳው ጠቦ ጅማት አላሳልፍ ቢል ወስፌ ማስገባት ይቻላል፤ ነገር ግን በቀዳዳው ውስጥ ያለውን ሌላ ጅማት የወጋ ወስፌ የአንድ ሰዓት ሥራ በአንድ አፍታ ያጠፋል። በዘንጉ መኪና አንድ ራኬት ለመጨረስ የለመደ ሰው አንድ ሰዓት ያህል፣ ጀማሪ ደግሞ ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል።

የደንበኛው ጥያቄና የወጣሪው መልስ

የዚህ ሥራ ከባዱ ነገር ግን በመኪናው ላይ ሳይሆን ከመኪናው በፊት ይገኛል። አንድ ደንበኛ ከአባቱ የወረሰውን የእንጨት ራኬት ይዞ ይመጣና «በ60 ፓውንድ ወጥርልኝ» ይላል። የሚጠይቀውም ዝነኞቹን ሰምቶ ነው። ከ1976 እስከ 1980 አምስት ጊዜ በተከታታይ ዊምብልደንን ያሸነፈው የስዊድኑ ቢዮርን ቦርግ የእንጨት ራኬቱን እስከ 80 ፓውንድ፣ ማለት እስከ 36 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ያስወጥር እንደ ነበር ተደጋግሞ ተነግሯል። ደንበኛው የማያስበው ግን ቦርግ አዲስ ራኬት በየጊዜው የሚቀርብለት ሰው መሆኑን ነው። በቤት ጥግ ለብዙ ዓመት የተቀመጠ እንጨት ደርቋል፤ ሙጫውም አርጅቷል። እንጨቱ እንዳይጣመም የሚያስር የእንጨት መጭመቂያ ሳይደረግለት የኖረ ከሆነ ደግሞ ጠምዝዞ ይሆናል።

መኪናው ይህን አያውቅም። ክብደቱን በ60 ላይ ቢያቆሙት በ60 ይስባል፤ ክፈፉ ቢሰበርም ቍጥሩ ትክክል ነበር። ሚዛን የሸክሙን ክብደት ይናገራል እንጂ በቅሎዋ ትችለው እንደ ሆነ አይናገርም። ይህን መናገር ያለበት ሰው ነው። ገንዘቡን ብቻ የሚያይ ወጣሪ የታዘዘውን ሠርቶ፣ ራኬቱ ሲሰበር «የጠየቅኸው ይህን ነው» ይላል። ሥራውን የሚያከብር ወጣሪ ግን «ጌታዬ፣ ይህ እንጨት ከ45 ወይም ከ50 ፓውንድ በላይ አይሸከምም፤ 60 ከፈለጉ ለዚያ የሚሆን ሌላ ራኬት ያምጡ፤ በዚህ ላይ ግን እኔ አልሠራውም» ብሎ ይመልሳል። በዚያ ቀን አንድ ሥራ ያመልጠው ይሆናል። ደንበኛው የአባቱን ራኬት ሳይሰበር ይዞ ሲመለስ ግን የሚያስታውሰው ያን ሱቅ ነው።

ለውጥረቱ አንድ የተቈረጠ ልክ አለመኖሩም ለደንበኛው ሊነገረው ይገባል። ላላ ያለ ጅማት ኳሷን በርቀት ይወረውራል፤ ጠበቅ ያለው ደግሞ ኃይሉን ቀንሶ ኳሷን ወደታሰበበት ለመላክ ያመቻል። የአገሩም ከፍታ ከሒሳብ ይገባል። እንደ አሥመራና እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ስፍራ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ኳሷ በአየር ላይ ፍጥነቷ ብዙ አይቀንስም። የዓለም አቀፉ የቴኒስ ማኅበርም ከ1219 ሜትር በላይ ለሆነ ስፍራ ለብቻው የተሠራ ኳስ በደንቡ ውስጥ አግብቷል። ስለዚህ ከባሕር ዳር ወደ ደጋ የወጣ ተጫዋች ኳሱ ከሜዳ እየወጣበት ሲቸገር፣ ጅማቱን በ1 ወይም በ2 ኪሎ ማጥበቅ ሊረዳው ይችላል። በዘንጉ መኪና ላይ ይህ ልዩነት ከጣት ስፋት የማይበልጥ መግፋት ነው።

ሚዛኑን የሚመዝን

አሮጌ መኪና የገዛ ወይም የወረሰ ሰው በዘንጉ ላይ የተጻፈውን ቍጥር እንዲሁ ማመን አይገባውም። መንጋጋው አርጅቶ ጅማቱ የሚያንሸራትት፣ መቈንጠጫው የተሳበውን ጅማት ወደ ኋላ የሚለቅ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከዚህ ቀደም የያዘው ሰው ክብደቱን በሌላ ብረት ለውጦት ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው። በጅማቱ ጫፍና በመንጋጋው መካከል የታመነ የሞላ ሚዛን አግብቶ ዘንጉን መልቀቅ፣ ዘንጉም አግድም ሲተኛ ሚዛኑ የሚያሳየውን ከተጻፈው ጋር ማስተያየት ነው። ልዩነት ቢገኝ ዘንጉ ላይ አዲስ ምልክት ማድረግ ይበቃል። የላላውን ብሎን ማጥበቅና መንጋጋውን ከቅባትና ከሰም ማጽዳት ደግሞ የማንኛውም ቀን ሥራ ነው። የኤሌክትሪኩም መኪና ቢሆን ከዚህ ፍተሻ ነጻ አይደለም፤ ቍጥሩ በብርሃን ስለ ተጻፈ ብቻ እውነት አይሆንም። በአሮጌው ላይ ግን ስሕተቱ በዐይን ስለሚታይ፣ ማንኛውም አስተዋይ ሰው በራሱ እጅ ሊያርመው ይችላል።

ከፍተሻው ጋር የሚሄደው መዝገብ ነው። ጅማት ራኬቱ ባይነካም እንኳ በጊዜ ብዛት ይላላል፤ ስለዚህ በ50 ፓውንድ የተወጠረ ራኬት ከጥቂት ወራት በኋላ 50 አይደለም። ጥንቁቅ ወጣሪ የጅማቱን ዐይነት፣ የተሳበበትን ኃይልና ቀኑን በትንሽ ወረቀት ጽፎ ከራኬቱ ጋር ይሰጣል፤ አንድ ግልባጭም በሱቁ ያስቀራል። በባለሙያዎቹ ዘንድ የቈየ አንድ ልማዳዊ ምክር አለ፤ ይኸውም ሰው በሳምንት የሚጫወተውን ቀን ያህል በዓመት ጅማቱን ያስቀይር የሚል ነው። በሳምንት ሦስት ቀን የሚጫወት በዓመት ሦስት ጊዜ ማለት ነው። መዝገብ ያለው ወጣሪ ይህን ለደንበኛው በቀን ጠቅሶ ሊያስታውሰው ይችላል፤ መዝገብ የሌለው ግን ከመገመት በቀር የሚለው የለውም።

የእንጨቱ ራኬት ከታላላቅ ሜዳዎች ወጥቷል። በ1967 የፈረንሳዩ ሬኔ ላኮስት በፈለሰፈው አሠራር የብረት ራኬት ለገበያ ቀረበ፤ በ1976 ደግሞ ሃዋርድ ሄድ ፊቱ የሰፋውን ራኬት አመጣ። ከዚያም ወዲህ የካርቦን ጭረት ያለበት ቀላል ራኬት ዓለምን ያዘው፤ በዊምብልደን የእንጨት ራኬት ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1987 መሆኑ ይነገራል። በዚህ ሁሉ ለውጥ ውስጥ ዘንግና ክብደቱ ያላቸው መኪናዎች አዲሶቹንም ራኬቶች እየወጠሩ ኖረዋል። ክፈፉ ከእንጨት ወደ ብረት፣ ከብረትም ወደ ካርቦን ቢለወጥ፣ 25 ኪሎ ያው 25 ኪሎ ነውና።

እንግዲህ በአሮጌ ዕቃ መካከል እንዲህ ያለ መኪና ያገኘ ሰው ለብረት ሻጭ ከመስጠቱ በፊት አንድ የሞላ ሚዛን ይፈልግ። ዘንጉ እውነቱን የሚናገር ከሆነ፣ ጥቂት ጅማት፣ አንድ ወስፌ፣ አንድ ፒንሳና አንድ የመዝገብ ደብተር ሲጨመሩለት የአንድ ሰው እንጀራ ሊሆን ይችላል። የቀረው የወጣሪው ድርሻ ነው፤ ዘንጉ አግድም እስኪተኛ መታገሥና እንጨቱ የማይችለውን ሲጠየቅ አይሆንም ማለት።